ሰባቱ ነፃ ጥበባት በፍሬስኮ ሥዕል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍሬስኮ ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ የሚሣል የግድግዳ ሥዕል ነው። ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰባቱ ነፃ ጥበባት የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ሰዋስው፣ ሬቶሪክ ወይም የንግግር ጥበብ፣ ዲያሌክቲክ ወይም ሎጂክ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃ እና ሥነ ፈለክ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ ቃል የሚያስተምሩ በመሆናቸው በአንድነት ትሪቪየም፣ የቀሩት አራቱ ስለ ቁጥርና ስለ መጠን የሚያስተምሩ በመሆናቸው ኳድሪቪየም ተብለዋል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንድ ተማሪ ወደ ሕግ፣ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ነገረ መለኮት ከመሻገሩ በፊት የሚያልፈው በእነዚህ ነበር። «ነፃ» የተባሉት ለዕለት ጉርስ ከሚሠራ የእጅ ሥራ ተለይተው ለነፃ ሰው የሚገቡ ትምህርቶች ተደርገው ስለታዩ ነው።

ሥዕሎቹ ላይ የሥነ ፈለክ ስም ብዙ ጊዜ «አስትሮሎጂያ» ተብሎ ይጻፋል። በዚያ ዘመን ሁለቱ ስሞች አንዱ በሌላው ቦታ ይገቡ ስለነበር ሌላ ሴት አድርጎ መቁጠር አያስፈልግም።

ለምን ሁሉም ሴቶች ሆነው ይሳላሉ?

በላቲን የትምህርቶቹ ስሞች በሙሉ በአንስታይ ፆታ ስለሚነገሩ አካል ሲሰጣቸው ሴት መሆናቸው የሚጠበቅ ነበር። መልካቸውን የሰጣቸው ግን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ የኖረው ማርትያኑስ ካፔላ ነው። እርሱ በጻፈው ድርሰት ሜርኩሪ የሚባለው አምላክ ሲያገባ ሰባቱ ጥበባት የሙሽራዋ ደንገጡሮች ሆነው አንድ በአንድ ይቀርባሉ፤ ደራሲውም የእያንዳንዷን ልብስና መሣሪያ ይዘረዝራል። ሰዋስው በሣጥን ቢላና ሞረድ ይዛ የልጆችን የአነጋገር ስሕተት ታርማለች። ዲያሌክቲክ በአንድ እጇ እባብ ደብቃ በሌላው በሰም የተለበጠ ሰሌዳ ከነመንጠቆው ትዘረጋለች።

ድርሰቱ ለዘመናት የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሆኖ ስለቆየ፣ ለሠዓሊው የሥዕሉን አሳብ የሚያወጡለት መነኮሳትና ሊቃውንት በደንብ ያውቁት ነበር። በ1593 ደግሞ ቼዛሬ ሪፓ የተምሳሌታዊ አካላትን መዝገብ ሮም ላይ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ለማንበብ ከካፔላ ይልቅ የሪፓ መዝገብ ይረዳል።

እያንዳንዷን በምን እለያለሁ?

መጀመሪያ በማይሳቱት ይጀምሩ። ሙዚቃ መሣሪያ ትይዛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ጭን ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ኦርጋን፣ ባለ አውታር መሣሪያ ወይም በመዶሻ የሚመቱ የተሰቀሉ ደወሎች። ጂኦሜትሪ ኮምፓስ ወይም ስኳድራ አላት። ሥነ ፈለክ በቀለበቶች የተሠራ የሰማይ ሉል ወይም አስትሮላብ የሚባለውን የከዋክብት መለኪያ ይዛ ሽቅብ ትመለከታለች። ሒሳብ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ታሳያለች ወይም በጣቶቿ ትቆጥራለች። ሰዋስው ከልጆች ጋር ናት፤ አርጩሜ፣ ሞረድ ወይም መጽሐፍ አይለያትም። የዲያሌክቲክ ምልክት እባብ ወይም ጊንጥ ነው። ከሁሉ የምታስቸግረው ሬቶሪክ ናት፤ አንዱ ሠዓሊ የብራና ጥቅልል፣ ሌላው ሰይፍ፣ ሌላው ያጌጠ ልብስ ብቻ ይሰጣታል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ፒንቱሪኪዮ በቫቲካን የሠራት ሬቶሪክ ሰይፍና ሉል ስለያዘች ብዙ ጎብኚ ሉሉን ብቻ አይቶ ሥነ ፈለክ ይላታል።

ስለዚህ በእጅ የተያዘውን ነገር ብቻ ማመን አይበቃም። የመቀመጫዋን ቦታ፣ ጎረቤቶቿንና ከእግሯ ሥር ያለውን ወንድ አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ፍሎረንስ ውስጥ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገዳም ያለው የስፔናውያን ጸሎት ቤት ለዚህ የተሻለው መለማመጃ ነው። አንድሬያ ዲ ቦናዩቶ በ1365 እና በ1367 መካከል ግድግዳውን ሲሠራ ዐሥራ አራት ሴቶችን በአንድ ረድፍ አስቀመጠ፤ በግራ ሰባቱ መንፈሳውያን ትምህርቶች፣ በቀኝ ሰባቱ ነፃ ጥበባት። ነፃዎቹን ከቀኝ ጫፍ ወደ መሐል ሲያነቧቸው ሰዋስው፣ ሬቶሪክ፣ ዲያሌክቲክ፣ ሙዚቃ፣ ሥነ ፈለክ፣ ጂኦሜትሪና ሒሳብ ናቸው። ጫፍ ላይ ያለችው ከልጆቹ ጋር ያለችው ሰዋስው መሆኗን ካወቁ፣ ምልክቷ የደበዘዘባትንም በቦታዋ መለየት ይቻላል።

ከሥር የተጻፈ ስም ካለ መጀመሪያ እርሱን ማንበብ ያጓጓል። ጽሑፍ ግን በየዘመኑ በጠጋኞች እጅ ስለሚታደስ አንዳንዴ ከሥዕሉ ጋር አይስማማም። ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ለማረጋገጫ ያቆዩት።

ከሴቶቹ እግር ሥር የተቀመጡት ወንዶች እነማን ናቸው?

እያንዳንዱ ትምህርቱን የመሠረተ ወይም በትምህርቱ የተመሰገነ ሰው ነው። ከሰዋስው ጋር የላቲን መምህራኑ ዶናቱስ ወይም ፕሪሺያኑስ፣ ከሬቶሪክ ጋር ሲሴሮ፣ ከዲያሌክቲክ ጋር አርስቶትል፣ ከሒሳብ ጋር ፓይታጎረስ፣ ከጂኦሜትሪ ጋር ኢዩክሊድ፣ ከሥነ ፈለክ ጋር ፕቶሌሚ ይገኛሉ።

ሁለቱ ያደናግራሉ። ፕቶሌሚ ዘውድ ጭኖ ሊታይ ይችላል፤ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት የእስክንድርያውን የሥነ ፈለክ ሊቅ ግብፅን ከገዙት የፕቶሌሚ ነገሥታት ጋር ስላምታቱት ነው። ከሙዚቃ ጋር ደግሞ በመዶሻ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይቀመጣል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 በገናና መለከት ለሚይዙ አባት ያደረገው ዩባልን ሲሆን ቱባልቃይን የናስና የብረት ሠሪ ነው። ፓይታጎረስ የድምፅን ስምምነት ከአንጥረኞች መዶሻ ሰማ የሚለው የቆየ ትረካ የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ አቀላቀለውና አንጥረኛው በሙዚቀኛው ቦታ ተቀመጠ። ስለዚህ መዶሻ ያለው ሰው ሲታይ ከላይ ያለችውን ሙዚቃ ብሎ መውሰድ ያስኬዳል።

ፍሬስኮ ምንድን ነው? በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ካለው ሥዕል ይለያል?

አዎ፣ ይለያል። በፍሬስኮ ቀለሙ በውኃ ብቻ ተበጥብጦ ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ ይቀባል። ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ሲለወጥ የቀለሙን ብናኝ በውስጡ ይይዘዋል። እንቁላልም ሆነ ሙጫ አያስፈልግም፤ ቀለሙ የግድግዳው አካል ይሆናል።

የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአብዛኛው በደረቅ ገጽ ላይ በማጣበቂያ የሚሠራ ነው። ከጎንደር ዘመን ወዲህ ደግሞ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በርክቷል። ስለዚህ ሲጎዳም አጎዳዱ ይለያል፤ ለጨርቁ የሚደረገው ጥገና ለፍሬስኮ አይሆንም።

በዙፋን የተቀመጠች አንዲት ሴት በስንት ቀን ትሠራለች? ደረጃዎቹስ?

የሚወሰነው በልስኑ መድረቅ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው በደንብ ይርሳል፤ ደረቅ ግድግዳ ውኃውን ከልስኑ ስለሚመጥ ልስኑ ይሰነጠቃል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ተደባልቆ አሪቾ የሚባለው የመጀመሪያ ልስን ይለሰናል፤ ገጹ ሻካራ ሆኖ ይተዋል። ኖራው በውኃ ከበረደ በኋላ ለወራት፣ ቢቻል ለዓመታት ተከድኖ የቆየ መሆን አለበት። ያልበረደ ቅንጣት ከቀረበት ከተለሰነ በኋላ ውኃ ስቦ ያብጥና ገጹን ይፈነቅላል። አሸዋውም ታጥቦ ከጨውና ከሸክላ አፈር የጠራ ይሁን።

አሪቾው ሲደርቅ ንድፉ ሲኖፒያ በሚባል ቀይ አፈር ይሳልበታል። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ወረቀት ላይ በሙሉ መጠን የተሠራ ንድፍ እየተለመደ መጣ። የንድፉ መሥመር በመርፌ ይበሳና የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥረው ቀዳዳው ላይ ይመቱታል፤ ነጠብጣቡ እርጥብ ልስኑ ላይ ይቀራል። አለዚያም መሥመሩን በሹል ዘንግ ተጭነው ይቀርጹታል። ሁለቱም ዱካዎች ዛሬም ከቅርብ ሲታዩ ይለያሉ።

ቀጥሎ በዚያ ቀን የሚሳለው ቦታ ብቻ ኢንቶናኮ በሚባለው ስስ ልስን ይሸፈናል፤ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት እጅ ደቃቅ አሸዋ፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል። ይህ የአንድ ቀን ቁራጭ ጆርናታ ይባላል። ልስኑ በጣት ሲነካ የማይለጠፍበት ሰዓት ሲደርስ ሥራው ይጀመራል፤ ከዚያ እንደ አየሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ጊዜ አለ። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚነጣ፣ በነጋታው ከጎኑ የሚገባውን ቀለም ማመሳሰል ልምድ ይጠይቃል። ሲመሽ ያልተቀባው ልስን ጠርዙ ወደ ውጭ ተዳፍቶ ይቆረጥና ይነሣል። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አለዚያ የነገው ልስን ዛሬ ያለቀውን ሥዕል ያንጠባጥብበታል።

ፊት ብዙ ጊዜ የራሱን አንድ ቀን ይወስዳል፤ ሰፊ የልብስ እጥፋት ወይም የዙፋን ጀርባ በአንድ ቀን ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ይሸፍናል። መብራት ከጎን ሲበራ የጆርናታዎቹ መጋጠሚያ ስለሚታይ ባለሙያዎች የሥራውን ቀን የሚቆጥሩት በዚያ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ መጋጠሚያውን የአካሉ ዳር መሥመር ላይ ይደብቀዋል።

እጇ ባዶ ነው፣ ልብሷም ጠቁሯል። የያዘችው ነገር የት ሄደ?

እውነተኛ ፍሬስኮ የሚቀበለው ኖራ የማይጎዳውን ቀለም ብቻ ነው፦ ቢጫና ቀይ አፈር፣ አረንጓዴ አፈር፣ የከሰል ጥቁርና የኖራ ነጭ። አዙራይት የሚባለው ሰማያዊ፣ ላፒስ ላዙሊና የወርቅ ቅጠል የሚጨመሩት ልስኑ ከደረቀ በኋላ በእንቁላል ወይም በሙጫ ነው። ይህ ሴኮ የሚባለው አሠራር ነው። ሙጫው በእርጥበት ሲደክም ቀለሙ ይረግፋል። እንግዲህ የሰማይ ሉሉ ወርቅ፣ በጥቅልሉ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የኮምፓሱ ቀጭን ጫፍ፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ ማለትም ሴቲቱን የምንለይበት ዝርዝር ሁሉ በመጨረሻ የሚጨመር ስለነበር ቀድሞ የሚጠፋውም እርሱ ነው። በምልክቱ ብቻ መተማመን አደገኛ የሚሆነው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

የቀለም ለውጡ ሌላ ነገር ነው። አዙራይት በእርጥበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሲናባር የሚባለው ደማቅ ቀይ ይጠቁራል። ከእርሳስ የተሠራ ነጭ ግድግዳ ላይ ወደ ቡናማና ጥቁር ይለወጣል፤ ጣሊያን ውስጥ በአሲዚ ሠዓሊው ቺማቡዌ የሠራቸው ሥዕሎች ብርሃኑና ጥላው የተገለባበጠ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ከጣሪያ የሚያፈስ ወይም ከመሬት የሚወጣ ውኃ ደግሞ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ከቀለሙ ሥር ሲደርቅ ገጹን እየገፋ ያፈርሰዋል። መታከም ያለበት መጀመሪያ ጣሪያውና መሠረቱ ነው። የፈሰሰበትን ሳይደፍኑ ሥዕሉን መጠገን ጉዳቱን ያፋጥነዋል፤ ነጭ የጨው አበባ ሲታይ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግም ጨዉን መልሶ ወደ ውስጥ ይከተዋል።

ስምንት ወይም ዐሥር ሴቶች ብቆጥርስ?

ብዙ ጊዜ ስምንተኛዋ ፍልስፍና ናት፤ የሰባቱ እናት ወይም ንግሥት ተደርጋ ከፍ ብላ ትቀመጣለች። ጄንቲሌ ዳ ፋብሪያኖና ረዳቶቹ በ1411 እና በ1412 በፎሊኞ በፓላሶ ትሪንቺ በሠሩት አዳራሽ ፍልስፍና ከሰባቱ ጋር ዙፋን አላት። በስፔን በኤል ኤስኮሪያል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ፍልስፍና በአንዱ ጫፍ፣ ቲኦሎጂ ወይም ነገረ መለኮት በሌላው ጫፍ ሆነው ሰባቱ በመካከል ናቸው። አንቶኒዮ ዴል ፖላዩዎሎ በ1493 የጨረሰው የጳጳስ ሲክስተስ 4ኛ የነሐስ መቃብር ላይ ደግሞ ፍልስፍና፣ ቲኦሎጂና ፐርስፔክቲቭ (ርቀትን በልክ የማሳየት ጥበብ) ተጨምረው ዐሥር ሆነዋል።

ንግሥተ ሳባ ከሒሳብ ጋር ምን አገናኛት?

በስፔን በኤል ኤስኮሪያል ቤተ መጻሕፍት ጣሪያውን ፔሌግሪኖ ቲባልዲ ከ1586 እስከ 1592 ሠርቶታል። አዳራሹ 54 ሜትር ይረዝማል፤ የጣሪያው ቅስት በሰባት ተከፍሎ እያንዳንዷ ጥበብ አንዱን ክፍል ይዛለች። ከቅስቱ በታች ባርቶሎሜ ካርዱቾ ለእያንዳንዷ ጥበብ ሁለት ሁለት ታሪክ ሥሏል። ከሰዋስው በታች የባቢሎን ግንብ፣ ከሙዚቃ በታች ዳዊት ለሳኦል በገና ሲደረድር፣ ከሒሳብ በታች ንግሥተ ሳባ በሰሎሞን ፊት ጥያቄዋን ስታቀርብ ይታያል። የአሳቡ አመንጪ ሆሴ ደ ሲጉዌንሳ የሚባል የገዳሙ መነኩሴ ነበር።

የተመረጠው ታሪክ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ያለው ነው፤ «በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች» የሚለው። ሰሎሞን በተቀመጠበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ነገር በቁጥር፣ በሚዛንና በልክ መሠራቱን የሚናገረው የመጽሐፈ ጥበብ ቃል በዕብራይስጥ ተጽፏል። ስለዚህ እዚህ ያለችው ንግሥት ስጦታ አቅራቢ ብቻ አይደለችም፤ ጥያቄ ይዛ የመጣች፣ የምትመረምር ሰው ናት። እኛ የምናውቃትን ንግሥት በአውሮፓ የጥበብ ሥርዓት ውስጥ በዚህ ቦታ ማግኘት ጉዞው የሚገባው ነገር ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ትንሽ የሩቅ ማሳያ መነጽር ቢይዙ ይጠቅማል።

ሥዕል ራሷ ለምን ከሰባቱ አልገባችም?

በጊዜው ሥዕል የእጅ ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በፍሎረንስ ሠዓሊዎች ቀለም ከሚገዙባቸው መድኃኒት ቀማሚዎች ጋር በአንድ ማኅበር ይመዘገቡ ነበር። ጥበባቱን በዙፋን ላይ የሚያስቀምጠው ሠዓሊ ራሱ ከዙፋኑ ውጭ ነበር ማለት ነው። ክርክሩ የተገፋው በጂኦሜትሪ በኩል ነው፤ ፐርስፔክቲቭ በልክና በማስረጃ የሚሠራ ከሆነ ሥዕልም የሒሳብ ዘመድ ናት የሚል። በ1563 ጆርጆ ቫሳሪ ያነሣሣው የሠዓሊዎችና የቀራጮች አካዳሚ በፍሎረንስ ሲቋቋም ሠዓሊዎቹ ከድሮው ማኅበር የሚወጡበት መንገድ ተከፈተ።

ሙዚየም ውስጥ ያለ ፍሬስኮ ከግድግዳው እንዴት ተነሣ?

በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያው፣ ስታኮ በሚባለው፣ ጨርቅ በሙጫ ገጹ ላይ ይለጠፍና ኢንቶናኮው ከነቀለሙ ይቆረጣል። በሁለተኛው፣ ስትራፖ በሚባለው፣ ጠንካራ የእንስሳ ሙጫ ሲደርቅ ተኮማትሮ የቀለሙን ስስ ገጽ ብቻ ይነቅላል። ስትራፖ ቀላል ቢሆንም የገጹን ጥልቀት ያሳጣል፤ በሴኮ የተጨመረውንም ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ ባለሙያዎች ግድግዳው የሚፈርስ ካልሆነ በቀር ማንሣትን አይመርጡም። ፍሎረንስ ኅዳር 4 ቀን 1966 በጎርፍ ስትመታ ግን ብዙ ሥዕል መነሣት ነበረበት፤ ያኔም ከሥር የተደበቁ የሲኖፒያ ንድፎች ተገኙ።

ለነፃ ጥበባት የሚጠቀሰው በፓሪስ ሉቭር ያለው የቦቲቼሊ ሥራ ነው። አንድ ወጣት በሴት እጅ ተመርቶ ክብ ሠርተው ወደ ተቀመጡት ጥበባት ይቀርባል። ሥዕሉ ከፍሎረንስ ውጭ ባለ የገጠር ቤት በኖራ ቅብ ተሸፍኖ ነበር፤ በ1873 ተገለጠ፣ በ1882 ሙዚየሙ ገዛው።

ዛሬ በቤቴ ግድግዳ ላይ አንዷን በፍሬስኮ ማሠራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ሲሚንቶ ልስን ላይ ግን አይሆንም። ሲሚንቶ የሚሟሟ ጨው ስላለው ነጭ አበባ ያወጣል። ጀሶም አይሆንም፤ ጀሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ቀለሙን አይዝም። በዘይት ወይም በፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ እስከ ጡቡ ወይም እስከ ድንጋዩ ድረስ ተፍቆ እንደ አዲስ በኖራ መለሰን አለበት። ለመጀመሪያ ሙከራ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሸክላ ንጣፍ ላይ ፊትና እጅ ብቻ መሥራት ይበቃል። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ግድ ነው።

እባብ የያዘች ሁሉ ዲያሌክቲክ ናት?

አይደለችም። ብልኃት የምትባለውም እባብ ትይዛለች፤ ብዙ ጊዜ ግን መስታወት አብሯት አለ፣ አንዳንዴም ሁለት ፊት አላት። ከእርሷ ጎን ሰይፍና ሚዛን የያዘች ፍትሕ ወይም ምሰሶ የያዘች ጽናት ካሉ ረድፉ የምግባራት ነው እንጂ የጥበባት አይደለም። ኮምፓስም እንዲሁ ነው፦ በሰባቱ መካከል ከሆነች ጂኦሜትሪ፣ ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ጋር ከሆነች አርክቴክቸር ልትሆን ትችላለች።

በራፋኤል «የአቴና ትምህርት ቤት» ላይ ሰባቱ ሴቶች ለምን የሉም?

ራፋኤል በ1509 እና በ1511 መካከል በቫቲካን በዚያ ክፍል ሲሠራ ሴቶቹን ወደ ጣሪያው አወጣቸው፤ ቁጥራቸውንም ወደ አራት አወረደው፦ ቲኦሎጂ፣ ፍልስፍና፣ ቅኔና ፍትሕ። ከፍልስፍና በታች ባለው ግድግዳ ላይ ጥበባቱ በዙፋን ላይ ከመቀመጥ ይልቅ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሆኑ። ቀድሞ ከሴቶቹ እግር ሥር ይቀመጡ የነበሩት ወንዶች መድረኩን ያዙ።

ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከ1492 እስከ 1494፣ ፒንቱሪኪዮ በዚያው ሕንፃ ለጳጳስ አሌክሳንደር 6ኛ ሰባቱን በየዙፋናቸው ሥሎ ነበር፤ ክፍሉ የሚገኘው ከራፋኤል ክፍሎች በታች ባለው ፎቅ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን ማወዳደር ይቻላል። ላይኛው ክፍል ሲገቡ በግራ ከፊት ተንበርክኮ የሚጽፈውን ፓይታጎረስን ይፈልጉ። ከፊቱ አንድ ወጣት የያዘው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሙዚቃ ስምምነት ልኬት ተሥሏል፤ ሒሳብና ሙዚቃ አንድ ላይ ያሉት እዚያ ነው። በቀኝ ጎንበስ ብሎ ሰሌዳ ላይ ኮምፓስ የሚያዞረው ኢዩክሊድ ጂኦሜትሪን ይዟል፤ ከኋላው ዘውድ የጫነው ፕቶሌሚ ጀርባውን ሰጥቶን የምድርን ሉል ይዞ ቆሟል።